የቁልፍ ሰሌዳ የአጻጻፍ ዳኛ ሲሆን፤ ስለ ፊደል ማስገቢያ ስልቶች የቀረበ ሒስ

በአማርኛ ጽሑፍ «ድኅነት» እና «ድህነት» የተባሉትን ቃላት የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከግእዙ «ድኅነ» የወጣ ሆኖ መዳንን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ድኻ መሆንን ይገልጻል። በንባብ የ«ነ» መጥበቅና መላላት ሊለያቸው ቢችልም፣ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ የሚቀረው ምልክት የ«ኅ» እና የ«ህ» ልዩነት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር በሚዘጋጁ የትርጉም ጽሑፎች ውስጥ ግን የነፍስ ድኅነት «የነፍስ ድህነት» ተብሎ ተጽፎ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህ ጸሓፊውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይገባም። «ህ»ን በአንድ ምት እየሰጠ «ኅ»ን ለማግኘት ተጨማሪ ድካም የሚጠይቀው የፊደል ማስገቢያ ስልትም የራሱ ድርሻ አለው።

እነዚህ ስልቶች እስካሁን ሲመረመሩ የቆዩት ከመሐንዲስ ዓይን ነው። ይፈጥናሉ ወይስ ይዘገያሉ? በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ? ለመጫን ይቀላሉ ወይ? በበኩላችን የምናነሣው ጥያቄ ከዚህ ይለያል። አንድ የማስገቢያ ስልት የትኛውን አጻጻፍ ቀላል፣ የትኛውንስ አስቸጋሪ ያደርጋል? በኮምፒዩተር የተጻፈ ጽሑፍ ለመዝገበ ቃላት ሥራ ዐቢይ የቃላት ምንጭ እየሆነ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ጥያቄው የኛ የሙያ ጥያቄ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ግን የስያሜውን ችግር ማንሣት ግድ ይለናል። «የቁልፍ ሰሌዳ» የሚለው ስያሜ በአሁኑ አጠቃቀም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሟል። አንደኛ፣ በእጅ የሚዳሰሰውን መሣሪያ፤ ሁለተኛ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚሰጥ የሚወስነውን ምደባ፤ ሦስተኛ፣ የተከታታይ ቁልፎችን ምት ተቀብሎ ወደ ፊደል የሚለውጠውን ፕሮግራም። ለሩስያ ቋንቋ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባይለዩም እምብዛም ጉዳት የለውም። የሩስያ ፊደል 33 ነውና እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁልፍ ሊሰጠው ይችላል፤ ስለዚህ ምደባው ብቻውን ይበቃል። የኛ ፊደል ደግሞ 33 ቤተሰብ በ7 ድምፅ ተባዝቶ፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 231 ይደርሳል። በተለመደው የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ምልክት የሚሰጡት ቁልፎች 47 ናቸው፤ በሺፍት ቢታጠፉ እንኳ 94 ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ምደባው ብቻውን አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት ምቶችን አጣምሮ አንድ ፊደል የሚያወጣ ፕሮግራም የግድ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ተርጓሚ፣ ለተጠቃሚው የአሠራሩን ቁልፍ ነገር ሰውሮበታል ማለት ነው።

ለዚህ ለሦስተኛው ነገር የሚቀርቡት ትርጉሞችም አያረኩም። «የግብዓት ዘዴ» የሚለው በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን ነው። «የፊደል አገባብ» እንዳይባል፣ «አገባብ» በሰዋስው ትምህርት ከጥንት የተያዘ ቃል ነው። ለሁለተኛው «የሰሌዳ አቀማመጥ» የሚለው ደግሞ ሰሌዳው በጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ የሚናገር ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያውን «የቁልፍ ሰሌዳ»፣ ምደባውን «የቁልፍ ድልድል»፣ ፕሮግራሙን «የፊደል ማስገቢያ ስልት» እንላቸዋለን። እነዚህን በኮምፒዩተሩ ላይ ለራስ እንደሚስማማ አድርጎ የማዘጋጀቱን ተግባር ብዙዎች «ማዋቀር» ይሉታል፤ ማዋቀር ግን መዋቅር ለሌለው ነገር መዋቅር መስጠት ነው። ያለውን ለአገልግሎት ማብቃት «ማሰናዳት» ቢባል ይሻላል እንላለን።

የፊደላችን ከመሣሪያ ጋር ያለው ትግል በኮምፒዩተር አልተጀመረም። አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ፊደሉን ለጽሕፈት መኪና ለማብቃት ሲደክሙ የገጠማቸው ያው የቁልፍ ማነስ ነበር፤ በመኪናው ላይ የፊደሉ አካልና ቅጥያው ተነጣጥለው እየተመቱ ነው አንድ ፊደል የሚወጣው። ኮምፒዩተሩ ከመጣ በኋላም እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ያሉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው መለያ ቁጥር ያስቀምጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ችግር ከመሠረቱ የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3.0ኛው የዩኒኮድ እትም የኢትዮጵያን ፊደል መቀበሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ ማስገቢያ ስልት አብሮ ይዞ መጣ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው «አማርኛ በኮምፒዩተር ይጻፋል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ያለ አማርኛ ይጻፋል?» ወደሚለው ተሸጋግሯል።

ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ስልቶች በአብዛኛው በድምፅ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ጸሓፊው በላቲን ፊደል የተቀረጸውን ቁልፍ በድምፁ እየመረጠ ይመታል፤ የተነባቢው ቁልፍ ሳድሱን ይሰጣል፤ ቀጥሎ የሚመታው የአናባቢ ቁልፍ ሳድሱን ወደ ሌላ ድምፅ ይለውጠዋል። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት አንዱ ሴራ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ሥርዓት ነው (ስሙ በአማርኛ ጆሮ ደግ ነገር ባያሰማም)። ሴራ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የኢትዮጵያን ፊደል የማያውቁ ኮምፒዩተሮች ጽሑፋችንን በላቲን ፊደል አማካይነት ሳያበላሹ እንዲያስተላልፉት ነው። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን አንድም ሳያጎድል ይለያል፤ በዚህ ረገድ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም። ይሁን እንጂ ለማስተላለፊያ የተሠራ ሥርዓት ለመጻፊያ ሲውል ጠባዩ ይለወጣል። በማስተላለፊያነቱ «ሥ» ሁለት ምልክት፣ «ስ» አንድ ምልክት ቢይዙ የሚደክመው ማሽኑ ነው። በመጻፊያነቱ ግን የሚደክመው የሰው ጣት ነው።

እስቲ አሠራሩን በቅርብ እንመልከተው። በነዚህ ስልቶች «ስ» በኤስ ቁልፍ በአንድ ምት ይገኛል፤ «ሥ» ግን ወይ ያንኑ ቁልፍ በመድገም፣ ወይ ልዩ ምልክት በማስቀደም፣ ወይ ቁጥር በማስከተል ነው። «ህ» በኤች ቁልፍ እንዲሁ ይገኛል፤ «ሕ» ሺፍትን ይጠይቃል፤ «ኅ» ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ነው። «ጽ» በሺፍትና በኤስ ሲገኝ «ፅ» ከዚያ አንድ ደረጃ ይርቃል። እንግዲህ ማንም ሳይወያይበትና ሳይወስን ከሞክሼዎቹ መካከል አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ሆኗል። ንጉሥ፣ ሥራ፣ ሥልጣን፣ ሠራዊት፣ ሥርዓት የተባሉት ቃላት በየዕለቱ የሚጻፉ ናቸው፤ ሁሉም የእንግዳውን መንገድ እንዲሄዱ ተፈርዶባቸዋል።

«የአንድ ምት ልዩነት ምን ያህል ነው?» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ምቱን ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ በእርግጥ ጥቂት ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ግን በማያውቀው ላይ ነው። የጽሕፈት መኪና የሚጠቀም ሰው ፊደሉ በቁልፉ ላይ ተቀርጾ ያየዋል፤ ቢቸግረው እንኳ ዓይኑን ሰሌዳው ላይ አንከራትቶ ያገኘዋል። የድምፅ ስልት ተጠቃሚ ግን የሚያየው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ «ኅ» በየት እንደተሸሸገ የሚነግረው ምንም ነገር በፊቱ የለም። መመሪያውን ያላነበበ ሰው ፊደሉ ኮምፒዩተሩ ላይ የለም ብሎ ይደመድምና በ«ህ» ይተካዋል። በተከታዩ ቀን ደግሞ ልማድ ይሆናል። ሌላም ነገር አለ፤ የድምፅ ስልት ጸሓፊውን ቃሉን በድምፁ እንዲያስበው ያስገድደዋል። ሞክሼ ፊደላት የሚለያዩት ደግሞ በድምፅ ሳይሆን በቃሉ ዘር ነው። «ሠዐለ» እና «ሰአለ»፣ «መሀረ» እና «መሐረ» በአማርኛ አፍ አንድ ናቸው፤ ትምህርትና ምሕረት፣ ሥዕልና ስእለት ከየት እንደመጡ የሚነግረን ዓይን ነው። ለጆሮ የተሠራ መሣሪያ ለዓይን የተጠበቀውን ልዩነት ቢያደበዝዘው ሊያስገርመን አይገባም።

በዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው፣ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይጠበቁ የሚለው የረጅም ዘመን ክርክር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለአንዱ ወገን አንፈርድም። ይቀነሱ የሚሉት የሚያቀርቡት ምክንያት፣ በተለይም ለጀማሪ ተማሪ ስለሚቀለው ሸክም፣ ክብደት ያለው ነው። ነገር ግን አሁን በማስገቢያ ስልቶች አማካይነት እየሆነ ያለው መቀነስም መጠበቅም አይደለም። የሚቀንስ ሰው «ሠ»ን ከነጭራሹ ይተዋል፤ የሚጠብቅ ሰው በየቦታው ያኖራል። የቁልፍ ምት የሚመራው ጸሓፊ ግን በአንድ ገጽ ላይ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ሕዝብ» እና «ህዝብ» ይጽፋል። ከሁለቱም ወገን ቢሆን ይህን የሚደግፍ አይገኝም።

መዝገበ ቃላት አዘጋጁ የሚያጭደው ይህንኑ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በ2 መንገድ፣ ሁለተኛው «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» እየተባለ በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ በጠቅላላው 12 መልክ ይኖረዋል ማለት ነው። ለሰው አንባቢ 12ቱም አንድ ቃል ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን 12 ቃላት ናቸው፤ ድግግሞሻቸውን ሲቆጥር ይከፋፍላቸዋል፤ ሲደረድራቸውም በዩኒኮድ ቅደም ተከተል «ሀ»ን ከ«ሐ» በ«ለ»፣ «ሠ»ን ከ«ሰ» በ«ረ» ይለያያቸዋል። የደስታ ተክለ ወልድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ ቃሉን በ«ዐ» ጽፈው፣ «የአማርኛ»ንም እንደ አነጋገሩ «ያማርኛ» ብለው አሳትመውታል። በቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር ማውጫ «አዲስ የአማርኛ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ፣ ማውጫው ሞክሼዎችን የሚያመሳስል ካልሆነ ይህን መጽሐፍ አያገኘውም። አጻጻፉን በጥንቃቄ የመረጠ ሊቅ ሥራ በዚሁ በጥንቃቄው የተነሣ ከዓይን ይሰወራል።

ከዚህ የሚወጡበት መንገድ ሁለት ነገሮችን ለይቶ መያዝ ነው። ሲፈለግ ሞክሼዎች ይመሳሰሉ፤ ሲከማች ግን ጸሓፊው የጻፈው እንዳለ ይቀመጥ። አንዳንድ የቃላት ክምችት አዘጋጆች ለሥራቸው እንዲቀል ብለው ጽሑፉን ገና ሲቀበሉት «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ» ይለውጣሉ። ለመቁጠር ያህል ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን ዋናው ቅጂ ካልተጠበቀ፣ «ድኅነት»ን ከ«ድህነት» ወደፊት ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ስለ ሥርዓተ ነጥብ በአጭሩ እናንሣ። በዩኒኮድ ሁለት ነጥብ 1361፣ አራት ነጥብ 1362 የሚል የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። በአንዳንዱ ስልት ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መምታት አራት ነጥብን ይሰጣል፤ በሌላው ሁለት ምት ሁለት ሁለት ነጥቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይቀራል። በዓይን ሲታዩ «።» እና «፡፡» እምብዛም አይለያዩም። ዐረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ የሚከፍል ፕሮግራም ግን በሁለተኛው መንገድ የተጻፈውን ሙሉ ገጽ እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር ይወስደዋል። የተርጓሚዎች የትርጉም ማኅደር የሚሠራው ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር በማዛመድ ነውና ጉዳቱ ወዲያው ይታያል።

ከአማርኛ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ስንሻገር ነገሩ ይከብዳል። ለአማርኛ ሞክሼ የሆነው ለትግርኛ ሞክሼ አይደለም። በትግርኛ «ሐ» እና «ዐ» የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ «ሓገዝ» እና «ዓዲ» በ«ሀ»ና በ«አ» ቢጻፉ ስሕተቱ የልማድ ሳይሆን የቋንቋው ነው። እንዲሁም በአማርኛ የማይለዩት «አ» እና «ኣ» በትግርኛ ይለያሉ። እንግዲህ የትግርኛ ጸሓፊ ለአማርኛ በተደለደለ ስልት ሲጽፍ፣ በየቃሉ የሚያስፈልገው ፊደል በሩቅ ተቀምጦ፣ የማያስፈልገው በእጁ ሥር ይሆንበታል። ከዚህም ሌላ «ጸ» በኤርትራ፣ «ፀ» በትግራይ የተለመዱ ስለሆኑ አንድ የትግርኛ ድልድል ለሁለቱ አይበቃም። በዚህ በኩል ግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ኪማን በተባለው ፕሮግራም ላይ ለኤርትራ ትግርኛና ለኢትዮጵያ ትግርኛ የተለያየ ስልት ማዘጋጀቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ኪማን እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤስ አይ ኤል የተዛወረ ሲሆን ዛሬ በነፃ ይታደላል። ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደላትም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 14.0ኛው የዩኒኮድ እትም መለያ ቁጥር አግኝተዋል፤ ፊደሉ ቁጥር አገኘ ማለት ግን በየኮምፒዩተሩ ላይ የሚያስገባው ስልትና የሚያሳየው የፊደል ቅርጽ ተገኘ ማለት አይደለም።

የላቲን ፊደልን መነሻ ማድረጉም ከትችት አያመልጥም። ያለ እንግሊዝኛ ትምህርት ፊደሉን ከነዲቃላው በቃሉ የሚያውቅ የቅኔ መምህር «ሽ»ን በኤክስ ቁልፍ፣ «ች»ን በሲ፣ «ቅ»ን በኪው ለምን እንደሚያገኛቸው የሚገልጽለት ምክንያት የለም። ትልቅና ትንሽ ፊደል በማያውቅ ቋንቋ ውስጥም «ትልቁ ኤች»፣ «ትልቁ ኤን» የሚል አነጋገር ገብቷል። በእስራኤል ያለ የአማርኛ ተርጓሚ ደግሞ የዕብራይስጥና የላቲን ፊደል በአንድ ቁልፍ ላይ ተቀርጾ እያየ፣ ሁለቱንም ያልሆነ ሦስተኛ ፊደል ይጽፋል። በሌላ በኩል በየገበያው የሚሸጠው ሰሌዳ በአብዛኛው የላቲን ፊደል የተቀረጸበት መሆኑ የታወቀ ነውና፣ የስልቶቹን አዘጋጆች በዚህ ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። መጠየቅ የሚገባቸው በእጃቸው ያለውን ነገር ነው፤ ለምሳሌ ጸሓፊው «ህ»ን ሲመታ «ሕ» እና «ኅ» በአጠገቡ በትንሽ መስኮት እንዲታዩት ማድረግን። ይህ ሞክሼዎችን በእኩል ደረጃ ባያስቀምጣቸውም ቢያንስ መኖራቸውን ያሳውቃል።

በመጨረሻ ተርጓሚው ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን እንጠቁም። ብዙ ባልደረቦች አንድ የአማርኛ ስልት ብቻ አሰናድተው ትግርኛውንም ግእዙንም በእሱ ይጽፋሉ፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ ውጤቱ በዓይን ትክክል ይመስላል። ነገር ግን እንደ ማይክሮሶፍት ዎርድ ያለው ፕሮግራም ለሚጻፈው ጽሑፍ የቋንቋ መለያ የሚሰጠው በወቅቱ ከበራው ማስገቢያ ስልት ተነሥቶ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ስልት የተጻፈ የግእዝ ጥቅስ በሰነዱ ውስጥ «አማርኛ» ተብሎ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የፊደል ማረሚያውም ቃላቱን በአማርኛ ሕግ ይፈርድባቸዋል። ከዚህ ሰነድ ቃላት የሚለቅም መዝገበ ቃላት አዘጋጅም የግእዙን ግሥ ከአማርኛው ዝርዝር ውስጥ ያገኘዋል። መፍትሔው ለሚሠራበት ለእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱን ስልት በኮምፒዩተሩ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ መጨመር ነው። በዊንዶውስ የዊንዶውስን ቁልፍ ከባዶ ቦታ ቁልፍ ጋር መምታት ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል፤ በአንዳንድ የሊኑክስ ገበታዎችም እንዲሁ ነው። ዝርዝሩ ከሦስትና ከአራት ሲበልጥ መዘዋወሩ ስለሚያሰለች፣ የማይሠራበትን ማስወጣት ይገባል። የአማርኛን ቃል ከነግእዝ ዘሩ በአንድ መስመር ለሚያስቀምጥ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ደግሞ ለሁለቱ ቋንቋዎች በቀጥታ የሚያደርሱ ሁለት የተለያዩ አቋራጭ ቁልፎችን መመደብ ይሻላል፤ በየመስመሩ ሁለት ጊዜ ይሻገራልና።